ውሃው በ92 ፈላ፦ የክረምት ሥራ ማስታወሻ

ቅዳሜ ጠዋት

የእህቴ ልጅ ዘንድሮ 7ኛ ክፍል ጨረሰች። ክረምቱን እኛ ጋ ነው የምታሳልፈው። ትናንት የሳይንስ ደብተሯን ሳገላብጥ የጠጣር፣ የፈሳሽና የጋዝ ሥዕል አገኘሁ። ሦስት ሳጥን፣ በየሳጥኑ ነጠብጣብ። አንዱ ጥቅጥቅ ያለ፣ ሁለተኛው ራቅ ራቅ ያለ፣ ሦስተኛው የተበታተነ። ከሥሩ ትርጉሙ ተጽፏል። ጠየቅኳት፤ አንዲት ቃል ሳትስት አነበነበችልኝ። ከዚያ "እሺ፣ በረዶ ሲቀልጥ ቅንጣቶቹ ምን ይሆናሉ?" አልኳት።

"ይቀልጣሉ" አለች።

ይሄ ሥራ የተጀመረው እዚህ ላይ ነው። ቅንጣት አይቀልጥም። በበረዶ ውስጥ ያለው፣ በውሃ ውስጥ ያለው፣ በእንፋሎት ውስጥ ያለው ቅንጣት አንድ ዓይነት ነው፤ ሁለት ሃይድሮጅንና አንድ ኦክስጅን። የሚለወጠው አቀማመጡና እንቅስቃሴው ነው። ይህን ነግሬያት ማለፍ እችል ነበር፤ ግን እሱንም ከሌላው ጋር ሸምድዳ ታስቀምጠዋለች። ስለዚህ ወጥ ቤት ገብተን በእጃችን እንሞክረው፣ የለካነውን ሁሉ እንጻፈው ተባባልን። እሷ በስኩዌር ደብተሯ፣ እኔ እዚህ።

የገዛነው ጥቂት ነው። ከመድኃኒት ቤት ሁለት ባለ20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ፣ መርፌውን እዚያው አስቀርተን። ከገበያ ደግሞ እስከ 110 ዲግሪ የሚለካ ባለቀይ ፈሳሽ ቴርሞሜትር። የቀረው ቤት ውስጥ አለ፦ ብረት ድስት፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ የወጥ ቤት ሚዛን፣ ሰፌድና ሽምብራ።

ቅዳሜ ማታ

በሲሪንጁ ጀመርን። መጀመሪያ አየር እስከ 20 ሳበች፣ ጫፉን በአውራ ጣቷ ደፈነች፣ ከዚያ ገፋች። 8 ላይ ደረሰ። ስትለቀው ተስፈንጥሮ ወደ 19 ተመለሰ። ቀጥሎ ውሃ ሞላንበት፤ አረፋ እንዳይቀር ጫፉን ወደ ላይ አድርጋ ጠብ ጠብ አደረገችው። ገፋች። ምንም። በሁለት እጇ ገፋች፣ ፊቷ ቀላ፣ መግፊያው ግን ንቅንቅ አላለም።

ዝም ብላ ትንሽ አሰበች። ከዚያ "ታዲያ ሥዕሉ ላይ የፈሳሹን ቅንጣቶች ለምን አራራቋቸው?" አለች።

እኔም የምጠብቀው ይህን ጥያቄ ነበር። ያ ሥዕል እውነቱን አይናገርም። በመካከላቸው ያን ያህል ክፍት ቦታ ቢኖር ኖሮ ውሃውም እንደ አየሩ ይታመቅ ነበር። የፈሳሽ ቅንጣቶች ልክ እንደ ጠጣር ተነካክተው ነው የሚቀመጡት፤ ልዩነቱ ቦታ መቀያየር መቻላቸው ላይ ነው። የራቀው ጋዙ ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ በጣም ነው የራቀው። ደብተሯ ላይ መካከለኛውን ሳጥን አጠፋችና እንደገና ሣለችው፤ የተጠጋጋ ግን የተዘበራረቀ።

እሑድ

ቡና ከተጠጣ በኋላ ሰፌዱን አወረድን። እማዬ "ሰፌዴን እንዳትቀዱብኝ" አለች፣ ግን ራሷም አጠገባችን በርጩማ ስባ ተቀመጠች።

ሽምብራውን ሰፌዱ ላይ አንድ ንጣፍ ብቻ እንዲሆን አድርገን በአንድ ጎን ሰበሰብነው። ሰፌዱን በቀስታ ሲያንቀጠቅጡት እያንዳንዱ ፍሬ እዚያው ቦታው ላይ ይርገበገባል፣ ጎረቤቱን ግን አይለቅም። ይሄ ጠጣር ነው። ጠንከር ሲያደርጉት ፍሬዎቹ ይንሸራተታሉ፣ አንዱ በአንዱ ጎን ሾልኮ ያልፋል፣ ክምሩ ቅርጹን ያጣል፤ ግን አሁንም እንደተነካኩ ናቸው። ይሄ ፈሳሽ ነው። አንዲት ፍሬ በእርሳስ አጠቆርንና ዓይናችንን ከእሷ ሳንነቅል አየን። በመጀመሪያው ጊዜ ከቦታዋ አልወጣችም። በሁለተኛው ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ማዶ ተገኘች።

ለጋዙ አሥር ፍሬ ብቻ አስቀርተን ሌላውን አነሳነው። ሲነቀነቅ ሰፌዱን ሙሉ ያካልላሉ፣ ይጋጫሉ፣ ጠርዙን ይመታሉ። ያ ጠርዙን የሚመታው ድብደባ ነው የጋዝ ግፊት የምንለው።

ሞዴሉ የሚያጭበረብርበትን ቦታም ጻፍን፤ ይሄ ካልተነገረ ልጅ ሽምብራውን ከነገሩ ጋር ታምታታዋለች። አንደኛ፣ እጃችን ሲያርፍ ሽምብራው ይቆማል። የውሃ ቅንጣት ግን ማንም ባይነቀንቀውም አይቆምም። ሁለተኛ፣ ሽምብራና ሽምብራ አይሳሳቡም፣ የውሃ ቅንጣቶች ግን በኃይል ይሳሳባሉ። ይሄ ነገ ለበረዶው ያስፈልገናል።

በመጨረሻ ትንሽ የወረቀት ኳስ ጠቅልለን በሚንቀጠቀጠው ሽምብራ መካከል ጣልን። ኳሱ ከዚህም ከዚያም እየተገፋ በማይገመት መንገድ ይቅበዘበዛል። ሮበርት ብራውን እ.ኤ.አ. በ1827 በማይክሮስኮፕ ያየው እንዲህ ያለ ነገር ነበር፤ ከአበባ ዱቄት የወጡ ረቂቅ ብናኞች ውሃ ውስጥ ያለ ዕረፍት ሲቅበዘበዙ። ሕይወት ስላላቸው እንዳይሆን ብሎ የድንጋይ ብናኝም ሞከረ፤ ያም ይቅበዘበዛል። አንስታይን በ1905 ከማይታዩ ቅንጣቶች ግፊያ የመጣ መሆኑን በስሌት አሳየ፣ ፈረንሳዊው ዣን ፔራ ደግሞ ለክቶ አረጋገጠው፤ በ1926 የኖቤል ሽልማት አገኘበት። ልጅቷን የገረማት ግን ሌላ ነው። "ኳሱን ብቻ ቢያዩ፣ ሽምብራው መኖሩን እንዴት አወቁ?" አለች። ሰፌዱን ትቼ ስለዚህ ጥያቄ ብቻ ግማሽ ሰዓት አወራን።

ሰኞ

የበረዶው ቀን። አልተሳካም።

300 ግራም በረዶ ከፍሪዘር አውጥተን ድስት ውስጥ አደረግን፣ ቴርሞሜትሩን አስገባን፣ ምድጃውን ለኮስን፣ በየደቂቃው መጻፍ ጀመርን። በ4ኛው ደቂቃ 6 ዲግሪ አነበበ፣ በረዶው ግን ገና ብዙው አለ። በ6ኛው 11። ቴርሞሜትሩ ታች ድስቱ ላይ ተደግፎ ነበርና የሚለካው የብረቱን ሙቀት ነው። በረዶውም በትልልቅ ኪዩብ ስለሆነ ከላይ ይንሳፈፋል፣ ከታች ያለው ውሃ ለብቻው ይሞቃል። ልናስተካክል ስንል መብራት ሄደ።

ነገ እንደገና። በረዶው በጨርቅ ተጠቅልሎ ይደቆሳል፣ ቴርሞሜትሩ በክር ይንጠለጠላል፣ አንድ ሰው ሳያቋርጥ በማማሰያ ያማስላል።

ማክሰኞ

ተሳካ።

ከፍሪዘር ሲወጣ −5 ነበር። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ 0 ደረሰ። ከዚያ ቆመ። 2ኛው ደቂቃ 0፣ 5ኛው 0፣ 8ኛው 0። ልጅቷ ማማሰያውን ይዛ ቴርሞሜትሩ ላይ አፍጥጣለች፤ ምድጃው ቀልቷል፣ ድስቱ ከሥር ይነዳል፣ ቀይዋ መስመር ግን ፍንክች የለም። "ጋሼ፣ ተበላሽቷል" አለች። "በረዶ ቀርቷል?" አልኳት። "አዎ።" "እንግዲያው ጠብቂ።" በ12ኛው ደቂቃ የመጨረሻዋ ስብርባሪ ጠፋች። በ13ኛው ደቂቃ 5፣ በ14ኛው 12፣ እያለ ሽቅብ ጋለበ።

ወደ አሥራ አንድ ደቂቃ ሙሉ የገባው ሙቀት የት ሄደ? ቴርሞሜትር የሚነግረን ቅንጣቶቹ በአማካይ ምን ያህል በኃይል እንደሚንቀሳቀሱ ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ የገባው ጉልበት ግን እንቅስቃሴያቸውን አላፈጠነም፤ እርስ በርስ የተያያዙበትን ለማላቀቅ ዋለ። ሽምብራዎቹ በማጣበቂያ ተያይዘው ነበር እንበል፤ መጀመሪያ ማጣበቂያውን ማላቀቅ ያስፈልጋል፣ ከዚያ ነው የሚሮጡት። አንድ ግራም በረዶ በ0 ዲግሪ ለማቅለጥ 334 ጁል ይፈጃል። ያው 334 ጁል የቀለጠውን ውሃ ከ0 እስከ 80 ዲግሪ ሊያደርሰው ይበቃ ነበር! ይህን ቁጥር ጮክ ብላ ሁለቴ አነበበችው።

ስኮትላንዳዊው ጆሴፍ ብላክ ከ250 ዓመት በፊት ገደማ ግላስጎ ላይ ያስተዋለው ይሄንኑ ነው። የተራራ በረዶ ትንሽ ሙቀት ሲያገኝ ሁሉም ባንዴ ቢቀልጥ ኖሮ፣ የፀደይ ጎርፍ አገር ያጠፋ ነበር ብሎ አሰበ። ቀስ ብሎ የሚቀልጠው ብዙ ሙቀት ስለሚውጥ ነው።

መለካቱን ቀጠልን። በ27ኛው ደቂቃ ውሃው ተንደቀደቀ። ቴርሞሜትሩ ደግሞ እንደገና ቆመ። 92 ላይ።

ማክሰኞ ማታ

በ92 ነገር ተጣላን ማለት ይቻላል። ደብተሯ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ይላል። እሷ ቴርሞሜትሩ የተበላሸ ነው አለች፣ ወደ ሱቁ ይመለስ። እኔ ከመፍረዳችን በፊት እንፈትነው አልኩ። የተደቆሰ በረዶና ውሃ ብርጭቆ ውስጥ አድርገን ከተትነው፤ ቁልጭ ያለ 0። 0 ላይ ልክ የሆነ መሣሪያ ወደ 100 ሲጠጋ 8 ዲግሪ መሳቱ ይከብዳል። ደግሞም እየተንደቀደቀ 92 ላይ ጸጥ ብሎ ቆሟል፤ ምድጃውን ጨመርን፣ መንደቅደቁ ባሰበት፣ ቁጥሩ አልተነሳም።

እማዬ ከወዲያ "ታዲያ ንፍሮው ሲፈላ እሳት ብጨምርለት ቶሎ አይበስልም ማለት ነው?" አለች። አይበስልም። አንዴ ከፈላ በኋላ የሚጨመረው እሳት እንፋሎት ያበዛል እንጂ ውሃውን አያሞቀውም። ክዳኑ የሚቆለፈው ድስት ግን እንፋሎቱን አፍኖ ስለሚይዝ፣ ውሃው ከዚህ በላይ እንዲሞቅ ያስገድደዋል።

ረቡዕ

ማንቆርቆሪያ ጣድን፣ አፉ ላይ የሚወጣውን ለማየት። ነጩን ጭስ የመሰለ ነገር ሁላችንም እንፋሎት እንለዋለን። ጠጋ ብለን ስናየው ግን ከማንቆርቆሪያው አፍና ከነጩ ደመና መካከል አንድ ጣት የሚያህል ባዶ ቦታ አለ። ምንም አይታይም። እውነተኛው እንፋሎት፣ ማለትም ጋዝ የሆነው ውሃ፣ ያለው እዚያ ባዶ መሳይ ቦታ ላይ ነው። ነጩ ደመና ቀዝቅዞ መልሶ ፈሳሽ የሆነ ጥቃቅን ጠብታ ነው። ቀዝቃዛ ማንኪያ በረጅም መቆንጠጫ ይዤ ባዶው ቦታ ላይ አደረግኩ፤ ወዲያው ላብ እንዳላበው ሰው በጠብታ ተሸፈነ። ልጅቷን እጇን እንዳታስጠጋ አስጠንቅቄያታለሁ። እንፋሎት ከፈላ ውሃ የከፋ የሚያቃጥለው ቆዳ ላይ ሲደርስ ወደ ፈሳሽ ስለሚመለስና በየግራሙ ከ2,200 ጁል በላይ ስለሚያራግፍ ነው።

አረፋዎቹም ነገር አለባቸው። መጀመሪያ የሚታዩት ጥቃቅኖቹ ውሃው ውስጥ የነበረ አየር ናቸው። በኋላ ከሥር እየተነሱ የሚፈነዱት ትልልቆቹ ግን ውስጣቸው አየር የለም፣ እንፋሎት ነው። ይሄ የ92ን እንቆቅልሽ ይፈታል። አረፋው ሳይጠፋ እንዲቆይ ውስጡ ያለው እንፋሎት ከላይ የሚጫነውን አየር መቋቋም አለበት። የአየሩ ጫና ከቀነሰ፣ ቅንጣቶቹ ያን ያህል በኃይል ሳይንቀሳቀሱም ያሸንፉታል። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። የአየር ግፊቷ ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲነጻጸር ሦስት አራተኛው ነው።

ደግሞ አንድ ስሌት ሠራን። አንድ ግራም ውሃ፣ ሩቡን የሻይ ማንኪያ እንኳ የማይሞላው፣ በባሕር ጠረፍ ሲፈላ 1.7 ሊትር ያህል እንፋሎት ይሆናል። እዚህ ግፊቱ ስለሚያንስ ከ2 ሊትር ይበልጣል። በየአቅጣጫው ብንከፍለው በቅንጣትና በቅንጣት መካከል ያለው ርቀት 13 እጥፍ ገደማ አደገ ማለት ነው፤ 13 በ13 በ13 ሲባዛ ከ2,000 ይበልጣልና። ሦስተኛውን ሳጥንም አጥፍታ እንደገና ሣለች። ገጹ አልበቃትም።

ሐሙስ

ዛሬ የሠራነውን ከሁሉም በላይ ወድጄዋለሁ።

ውሃ አፍልተን ወደ 65 ዲግሪ እስኪወርድ ጠበቅን። 5 ሚሊ ሊትር ያህል በሲሪንጅ ሳበች፣ አየሩን አስወጣች፣ ጫፉን ደፈንኩላት። "አሁን ሳቢው" አልኳት። በኃይል ሳበችው። ውሃው ፈላ። በእጃችን መካከል፣ ያለ እሳት፣ በ65 ዲግሪ ተንደቀደቀ። ስትለቀው ጸጥ አለ። እንደገና ሳበች፣ እንደገና ፈላ። ስንት ጊዜ እንደደገመችው አልቆጠርኩም። ውሃው ሳይሞቅ፣ ከላዩ የተጫነው ግፊት ስለቀነሰ ብቻ ነው የፈላው። እማዬን ጠርታ አሳየቻት፣ ከዚያ የጎረቤት ልጆችን ጠራች፣ ከዚያ እነሱን ራሷ ታስረዳ ጀመር። ያቺ ከትናንት ወዲያ ቴርሞሜትሩ ይመለስ ስትል የነበረችው ልጅ!

ዓርብ

አጭር ሙከራ። ሻማ ቆርጠን በጣሳ አቀለጥን፣ ጠጣር ቁራጭ ጨመርንበት፤ ሰመጠ። በረዶ ግን ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። ሻማው ሲረጋ መሐሉ ሰርጉዶ ቀረ፤ ተኮማተረ ማለት ነው። ሰኞ ፍሪዘር ውስጥ የረሳነው የውሃ ፕላስቲክ ግን ተወጥሮ ቂጡ ወደ ውጭ ተገልብጧል።

ሽምብራው ይሄን ሊነግረን አይችልም። ሽምብራ ክብ ነው፣ ሲረጋ ተጠጋግቶ ነው የሚቀመጠው። የውሃ ቅንጣት ግን ጎባጣ ቅርጽ አለው፤ በረዶ ሲሆን በተወሰነ አቅጣጫ ብቻ ስለሚያያዝ መሐሉ ክፍት የሆነ ስድስት ጎን ያበጃል። ለዚህ ነው ውሃ ሲረጋ 9 በመቶ ያህል የሚሰፋው።

በሚቀጥለው ሳምንት፣ ማክሰኞ

ልጅቷ በ92 አልረካችም። ከፍታ ነው ካልክ ዝቅ ያለ ቦታ ይለካ አለች። ትክክል ናት። ባለፈው ቅዳሜ ቴርሞሜትሩን በጋዜጣ ጠቅልለን፣ በወተት ዱቄት ቆርቆሮ አሽገን፣ በሰው እጅ ድሬዳዋ ላክነው። እዚያ የአጎቴ ልጅ አለ። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ናት። ልጅቷ ከመለካቱ በፊት መልሱን ጻፈች፤ በግማሽ ያህል ስለምታንስ 96 ብላ።

ዛሬ ደወለ። 97 አለ። ፊቷ ወደቀ። "ታች ነክቷል ወይ ጠይቀው" አለችኝ። ነክቷል። በክር አንጠልጥለህ ድገመው አልነው። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ፎቶ ላከ። ቀዩ መስመር 96 ላይ።

ሐሙስ

ታናሽ እህቴ ጅዳ ናት፣ ሰው ቤት ትሠራለች። ጅዳ ባሕር ዳርቻ ነው። የምትሠራበት ቤት የሥጋ መለኪያ ቴርሞሜትር እንዳለ በኢሞ ስታወራን ጠቀሰች፤ ልጅቷ ስልኩን ከእጄ ነጠቀችኝ። "አክስቴ፣ መጀመሪያ በረዶና ውሃ ውስጥ ክተቺው። 0 ካላለ ንገሪኝ።" ከዚያ እንዴት ማማሰል እንዳለባት፣ እንዴት ታች እንዳታስነካ፣ ሁሉንም ነገረቻት።

ማታ የቤቱ ሰዎች ከወጡ በኋላ በድምፅ ላከችልን። ከጀርባ የውሃው መንደቅደቅ ይሰማል። "በበረዶው 0 ብሏል። አሁን ፈልቷል... 99.8... 99.9... መቶ! መቶ ሞላ የኔ ልጅ!" እማዬ አልቅሳ ነበር፣ ለውሃው አይደለም፣ የልጇን ድምፅ ሰምታ ነው።

ልጅቷ ስኩዌር ደብተሯን አውጥታ ሦስት ነጥብ አስቀመጠች። 0 ሜትር ላይ 100፣ 1,200 ላይ 96፣ 2,350 ላይ 92። ማስመሪያ ስታጋድምበት ሦስቱም አንድ መስመር ላይ ተኙ ማለት ይቻላል። በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ገደማ።

ቅዳሜ

ቴርሞሜትሩ ከድሬዳዋ በሰላም ተመለሰ። በረዶ ውስጥ አስገብተን አየነው፤ አሁንም 0 ነው።

ልጅቷ መስመሩን ከ92 አልፋ በእርሳስ አስረዝማዋለች። ከ4,500 ሜትር በላይ፣ ራስ ዳሽን አካባቢ፣ 85 ጽፋለች። እዚያ የሚወጣልን ሰው አላገኘንም። ግን የግቢያችን ተከራይ በሚቀጥለው ሳምንት ቤተሰቡን ለመጠየቅ ደባርቅ ይሄዳል። ደባርቅ 2,850 ሜትር ገደማ ነው። ትናንት ማታ በሩን አንኳኩታ ቆርቆሮውን ሰጠችው፣ ክሩን ጨምራ። የለካናቸውን ነጥቦች በቀለም ነው ያጠቆረቻቸው። ደባርቅ ላይ ባዶ ክብ ሥላ አጠገቡ 90.5 ብላለች።